የስምንተኛው ቀን ኬክ

«የገዛ ልጇ እንኳን ከቤቷ ውሃ አትቀምስም አሉ» አለች አንደኛዋ፣ ዓይኗን ከጸሎት መጽሐፏ ሳታነሳ። ከጎኗ ያለችው ከንፈሯን መጠጥ አደረገችና «ያለ ነገርማ አይሆንም። ያ ወጥ ቤት ምን ቢሆን ነው?» ብላ መለሰችላት። ይህ የተባለው በምኩራቡ የሴቶች ሰገነት ላይ፣ በፋሲካ በዓል በስምንተኛውና በመጨረሻው ቀን ጠዋት፣ ለሙታን የሚጸለየው ጸሎት ሊጀመር ሲል ነው። ለዚህ ጸሎት ወላጆቻቸው በሕይወት ያሉ ሁሉ ከአዳራሹ ይወጣሉ። ወጣቶቹ ቀሚሳቸውን እያንኮሻኮሹ ወጥተው በሩ ሲዘጋ የሚቀሩት እናትና አባት የቀበሩት ብቻ ናቸው። እነዚህም ሁለቱ ቀብረዋል፤ ምላሳቸውን ግን አብረው አልቀበሩትም። ስም አልጠሩም። መጥራትስ ምን ያስፈልጋል? በእኛ ሰፈር ባለፈው ኅዳር አንድ ልጇን ሹላን ለጥብቆቹ ወገን ልጅ ለአንሼል የዳረች ሴት ፔርላ ብቻ ናት። ፔርላም ከጀርባቸው ተቀምጣ እያንዳንዷን ቃል ሰምታለች። ለእናቷ ነፍስ ልትጸልይ ነበር የመጣችው። መጽሐፉን ገልጣ ፊደሎቹን አየቻቸው እንጂ አላነበበቻቸውም። ጸሎቱ አልቆ ወጣቶቹ እየተንጫጩ ሲመለሱ እሷ ሻርፗን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ ወጣች።

የሚያናድደው ደግሞ ነገሩ እውነት መሆኑ ነው። ሹላ በእርግጥም በዚህ ፋሲካ ከእናቷ ቤት ውሃ አልቀመሰችም። ምክንያቱ ግን የፔርላ ወጥ ቤት አይደለም። የአንሼል ወገኖች በፋሲካ ከራሳቸው ድስት በቀር ከማንም ቤት አይበሉም፤ የረቢም ቤት ቢሆን፣ የእናትም ቤት ቢሆን። በበዓሉ አንዲት የእርሾ ፍርፋሪ ቤት ውስጥ መገኘት ስለሌለባት እያንዳንዱ የሚያምነው የገዛ እጁን ብቻ ነው። ስኳሩን ሳይቀር ከበዓሉ በፊት በውሃ አፍልተው በጨርቅ ያጠሩታል። አትክልት ቢባል የሚላጠውን ብቻ ነው የሚበሉት። ፋብሪካ የሠራው ነገር፣ ቸኮሌት በሉት ሌላ፣ የረቢ ማኅተም ቢመታበት እንኳ ደጃፋቸውን አይረግጥም። ፔርላና ባሏ ኢዚ ደግሞ እንደ አብዛኛው የሰፈሩ ሰው ናቸው፤ እርሾውን ጠርገው አውጥተው፣ ዕቃውን ለውጠው፣ ቂጣቸውን ገዝተው፣ ማኅተም ያለበትን ሁሉ ይበላሉ። ሁለቱም ወገን እግዚአብሔርን ይፈራል፤ የሚለያዩት በፍርሃቱ መጠን ነው።

ፔርላ ይህን ሁሉ ታውቃለች፣ በዚሁ በአንትወርፕ ከተማ ተወልዳ ያደገች ሴት ናትና። ማወቅና መቻል ግን አንድ አይደሉም። በበዓሉ በአራተኛው ቀን ሹላ ለብቻዋ ጥየቃ መጥታ ነበር፤ በእጇ የራሷን የውሃ ጠርሙስ፣ በናፕኪን የተጠቀለለ የራሷን ብርጭቆ ይዛ። ፔርላ ልማድ ሆኖባት ኬክ ቆርጣ በሳህን አቀረበችላት። ዱቄት የለው፣ እርሾ የለው፤ ቸኮሌትና እንቁላል፣ ስኳርና ዘይት ብቻ። ከበዓሉ በፊት በየዓመቱ ሦስት ትጋግራለች። ሹላ ልጅ ሆና ዓመቱን ሙሉ «ፋሲካ መቼ ነው?» እያለች ሰው የምታሰለቸው ባሕሩ ስለተከፈለ አልነበረም፤ ለዚህ ኬክ ነበር። አሁን ሳህኑን አየችው። ቀና ብላ እናቷን አየቻት። ፔርላ ሳህኑን አንስታ ወደ ወጥ ቤት መለሰችው። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል፤ ብቅል የሚባል ነገር ከቤት በሚወጣበት ሳምንት ግን ሆድ ያባው እዚያው ሆድ ውስጥ ይቀራል። ሹላ ወንበሩ ጫፍ ላይ ሩብ ሰዓት ተቀምጣ፣ ስለ አየሩና ስለ ባቡሩ መዘግየት አውርታ ተነሳች። በሩ ላይ «በስምንተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ከአንሼል ጋር እንመጣለን» አለች። ፔርላ «እሺ» አለች። በልቧ ግን አሁን ደግሞ ሁለት ጠርሙስ ሊመጣ ነው ብላ ነበር። በሰባተኛው ቀን የኢዚ ወንድም ከነቤተሰቡ ምሳ በልቶ ሲነሳ፣ ሦስተኛውን ኬክ ሳይቆረስ ከነመጋገሪያው እጁ ላይ አስቀመጠችለት። «ውሰዱልኝ፣ ዓይኔ አይየው» አለች። ሰውየውም ሁለት ጊዜ አልተለመነም።

እንግዲህ ያን ጠዋት ደረጃውን ስትወጣ ሆዷ ውስጥ ይህ ሁሉ ነበር። ሊፍት በበዓል አይነካም፤ ቤቷ አራተኛ ፎቅ ነው፤ ስልሳ ሁለት ዓመቷ ነው። ሁለተኛው ፎቅ ላይ የፍሪመት በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። ፍሪመት የዘጠኝ ልጆች እናት ናት፣ ልክ እንደ አንሼል ቤተሰብ ጥብቅ፣ ሣቋ ግን ከምድር ቤት እስከ ጣሪያ የሚሰማ።

«እትዬ ፔርላ፣ ምን ሆኑ? ፊትዎ በርበሬ መስሏል።»

«ምን ሆኑ ትይኛለሽ? እናንተ ናችሁ ያደረጋችሁኝ!» አለች ፔርላ፤ አንዴ ከወጣ አልመለስ አለ። «ልጄን ወሰዳችሁ፣ ደህና። ከቤቴ ውሃ እንዳትጠጣ አደረጋችኋት፣ እሱንም ቻልኩት። ዛሬ ደግሞ በሙታን ጸሎት መሀል የእኔ ወጥ ቤት ይነሳል! እኔ እኮ ከበዓሉ በፊት መሳቢያውን በጥርስ መፋቂያ ነው የማጸዳው!»

ፍሪመት እጇን በሽርጧ ጠረገች። ልትቆጣ ነው ብላ ፔርላ ስትጠብቅ እሷ ግን ግራ በመጋባት አየቻት።

«ይስደቡኝ፣ ግድ የለም። ግን ዛሬ ለምን ይከፋሉ? ዛሬ እኮ ስምንተኛው ቀን ነው።»

«ቢሆንስ?»

«ቢሆንስ? እንበላለና! ሰባቱን ቀን ግድ ብሎን ተለያየን። በስምንተኛው አንዱ ከአንዱ ቤት ገብቶ ይበላል፤ ያልበላነው ሰው ንቀን እንዳልነበር እንዲታወቅ። የእኔ ባል ዛሬ ሦስት ቤት ተጠርቷል፤ ሆዱን አይተውት የለ?»

«አንሼልም?»

«የአንሼል አባትና የእኔ ባል አንድ ምኩራብ ነው የሚጸልዩት፤ ልማዳችን አንድ ነው። ሹላ እንመጣለን አላለችዎትም?»

ፔርላ ደረጃው ላይ ዘጭ ብላ ተቀመጠች። ሃያ ሁለት ዓመት ከዚህች ሴት ጋር አንድ ደረጃ ወጥታ ወርዳለች፤ በልጆቿ ኩፍኝ ሾርባ አድርሳለች፤ የቁልፍ መለዋወጫቸው አንዱ በአንዱ ቤት ነው ያለው፤ ይህን ግን አታውቅም ነበር። በእሷ ቤት ስምንቱም ቀን እኩል ነው። የሚለይ ነገር ከሌለ ማን ይጠይቃል? ሹላ ደግሞ አዲስ ሙሽራ ናት፣ በባሏ ቤት ሁሉም የሚያውቀውን እናቷም ታውቀዋለች ብላለች። «እንመጣለን» ማለቷ ልንበላ እንመጣለን ማለቷ ነበር። ያቺ ልጅ በአራተኛው ቀን ሳህኑ ሲነሳባት ቀኑን እየቆጠረች ነው የወጣችው፤ እናቷ ደግሞ ኬኩን አሳልፋ ሰጠችባት።

«ኬኩን ትናንት ሰጠሁት» አለች ፔርላ፣ ድምፅዋ ወረደ። «ሌላ ነገር ቢበሉ ዋጋ የለውም። እሱን ነው የምትፈልገው። እኔም እሱን ነው የምፈልገው።»

«ስንት ሰዓት ነው የሚመጡት?»

«አሥራ አንድ።»

«አሁን ስድስት ተኩል ነው፤ ለበዓል ምግብ መሥራት ደግሞ ይፈቀዳል። ምን ይጎድልዎታል?»

የሚጎድለው ሁሉም ነበር። በበዓል ሱቅ የለም፣ ገንዘብ አይነካም፣ በስምንተኛው ቀን ደግሞ የማንም ጓዳ ባዶ ነው። ፔርላ አራት እንቁላልና የተጀመረ ግማሽ ቸኮሌት አላት፤ ስኳሯም አልቋል። ፍሪመት ገብታ አሥር እንቁላል በፎጣ ይዛ ወጣች፤ በዘጠኝ ልጅ ቤት በስምንተኛው ቀን አሥር እንቁላል መትረፉ በራሱ ተአምር ነው። ቀጥላ የራሷን አፍልታ ያጠረችውን የስኳር ሽሮፕ በማሰሮ ሰጠቻት። «ለአንሼል ልቡ ደስ እንዲለው ይሄን ያድርጉበት። ቸኮሌት ግን እኔ ቤት አይገባም፤ እሱን ሦስተኛ ፎቅ ነው የሚያገኙት፣ ከሰጡዎት።»

ሦስተኛ ፎቅ የሚኖሩት ጋሽ ሞንዴክ ናቸው፤ ሰማንያ ዓመት ያለፋቸው ወንደላጤ፣ በጊዜያቸው የአልማዝ ደላላ። በየቀኑ ከምሳ በኋላ አንዲት ቁራጭ ቸኮሌት ምላሳቸው ላይ አድርገው እስክትሟሟ መስኮት ላይ ይቆማሉ። ከዚህች ቁራጭ ሰው ጋብዘው አያውቁም። ፔርላ አንኳኳች፤ በሩ የአንድ ጣት ያህል ተከፈተ።

«ጋሽ ሞንዴክ፣ ይቅርታ፣ ቸኮሌት ይኖርዎት...»

«የለኝም።»

«ለሹላ ነው። ዛሬ ከቤቴ ልትበላ ነው።»

በሩ ተዘጋ። ፔርላ ልትመለስ ስትል መሳቢያ ሲንኳኳ፣ ወንበር ሲጎተት ሰማች። በሩ እንደገና ተከፈተ፣ አሁን ሙሉ በሙሉ። ሽማግሌው ያልተከፈቱ ሁለት ትልልቅ ጥቁር ቸኮሌቶች በሁለት እጃቸው ይዘዋል። «ማኅተሙ አለመቀደዱን እዪ፤ ለአማችሽም አሳዪው» አሉ። ቀጥለው በአውራ ጣታቸው የተለጠፈውን ዋጋ እየጠቆሙ «በበዓል ስለ ገንዘብ አይወራም» አሉ። አምስት ዩሮ ከሃያ ይላል። ያው ቸኮሌት ያለ ፋሲካ ማኅተም ከጥግ ሱቅ ሁለት ዩሮ ነው። ፔርላ ጉንጫቸውን ሳመቻቸው፤ እሳቸው ደነገጡ፣ ሰው ሲስማቸው ምናልባት ከብዙ ዘመን በኋላ ነበር።

ኢዚ ከምኩራብ ሲመለስ ሚስቱን የበዓል ቀሚሷን በሽርጥ ሸፍና አገኛት። ሰላሳ ስምንት ዓመት አልማዝ ሲፈልጥ የኖረ ሰው ነው፤ እጁ የማይንቀጠቀጥ፣ አፉ የማያርፍ። የሆነውን ሲሰማ ኮቱን አውልቆ ምሳውን በአሥር ደቂቃ ጨርሶ እጅጌውን ሰበሰበ። ወጥ ቤቷ ጠባብ ናት፣ ሁለት ሰው ከቆመባት ሦስተኛው መተላለፊያ ላይ ነው። በመስኮቱ በኩል ከፍ ብሎ የባቡሩ ድልድይ ይታያል፤ ባቡር ባለፈ ቁጥር መደርደሪያው ላይ ያሉት ብርጭቆዎች ያወራሉ። ፔርላ እንቁላሎቹን አንድ በአንድ ብርጭቆ ውስጥ እየሰበረች ወደ ብርሃን አቅርባ አየቻቸው። አንዱ የደም ነጠብጣብ ተገኘበትና ተደፋ። አንዱ ተረፈ። አሥራ ሁለቱን ነጩን ከአስኳሉ ለየች። ቸኮሌቱን በፍል ውሃ ላይ አቀለጠች። ከሥጋ ምሳ በኋላ ስለሚበላ፣ ሥጋና የወተት ነገር ደግሞ ስለማይቀላቀል፣ ቅቤ አይገባበትም፤ ዘይት ጨመረች፣ የፍሪመትን ሽሮፕ ጨመረች፣ አስኳሉን አዋሐደች። እስከዚህ ድረስ ቀላል ነበር።

ችግሩ ነጩ ነው። ይህ ኬክ የሚነሳው በነጩ ብቻ ነው፤ ሌላ የሚያነሳው ነገር የለም። የኤሌክትሪክ መምቻዋ እዚያው ጥግ ላይ በጨርቅ ተሸፍና ቆማለች፤ በአራት ደቂቃ ትጨርሰው ነበር። በበዓል ግን ኤሌክትሪክ አይነካም። ፔርላ ትልቁን ጎድጓዳ ሳህን ጭኗ መሀል ይዛ በሹካ መምታት ጀመረች። አምስት ደቂቃ። አሥር ደቂቃ። ሳህኑ ውስጥ ያለው የሳሙና ውሃ ይመስላል እንጂ ሌላ አልሆነም። ትከሻዋ ነደደ፣ አንጓዋ ዛለ፤ ቆም ስትል ያ ጥቂት አረፋ መልሶ ይወርዳል፤ ስለዚህ አትቆምም። በዚህ መሀል፣ ሳታስበው፣ እናቷ ትዝ አለቻት። እናቷ የኤሌክትሪክ መምቻ አይታ የማታውቅ ሴት ነበረች፤ ዓመት በዓልም ሆነ አዘቦት በሹካ ነበር የምትመታው፤ ያ የሹካው ጠቅ ጠቅ ጠቅ የሚል ድምፅ ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ ድምፅ ነበር። ፔርላ ጠዋት በሰገነቱ ላይ ያልጸለየችው ጸሎት አሁን በክንዷ የሚጸለይ መሰላት። እንባዋ መጣ፤ እንቁላሉ ውስጥ እንዳይወድቅ ፊቷን ወደ ጎን አዞረች።

«አምጪው» አለ ኢዚ።

«አትችልበትም።»

«ድንጋይ ፈልጬ ያሳደግኩሽን ሰውዬ እንቁላል አትችልም ትይኛለሽ?»

«እኔን ነው ያሳደግከው?»

«ልጅሽን አሳድጌያለሁ። አምጪው!»

ሰጠችው። ኢዚ በሕይወቱ ሻይ እንኳን አፍልቶ አያውቅም፤ ሹካውን ግን እንደ ሥራ መሣሪያው ያዘው፣ በሁለት ጣትና በአውራ ጣት፣ ከአንጓው ብቻ፣ አንድ ዓይነት ምት፣ አንድ ዓይነት ፍጥነት። አንድ ባቡር አለፈ፣ ሁለተኛ አለፈ። ነጩ ወፈረ። ከዚያ ድንገት፣ ከየት እንደመጣ ሳይታወቅ፣ ሳህኑን መሙላት ጀመረ። ከግማሽ በታች የነበረው ወደ ግማሽ፣ ከግማሽ ወደ ከንፈሩ ወጣ፤ ነጣ፣ አበራ፣ ሹካው ያለፈበት መንገድ ሳይደፈን ቀረ። ኢዚ ምቱን ሳያቆም አፉን ከፍቶ ያየው ጀመር። ሰላሳ ሦስት ዓመት ይህን ኬክ በልቷል፤ እንዴት እንደሚቆም አንድ ቀን አስቦበት አያውቅም።

«ምን ጨመርሽበት?»

«ምንም።»

«ምንም? ታዲያ ይሄ ሁሉ ከየት መጣ?»

«ከክንድህ። ከአየር። እኔ ምን አውቃለሁ?» አለች ፔርላ፤ ለእሷም ይህን ሁሉ ዓመት ነገሩ በመምቻዋ ክዳን ሥር ነበር የሚሆነው፤ እንዲህ በዓይኗ ፊት ለፊት ሲወለድ ያየችው የልጅነቷን ጊዜ ካልሆነ ዛሬ ገና ነው። «ደርሶ እንደሆነ ለማወቅ ሳህኑን አናትህ ላይ ገልብጠው።»

«ምን?»

«እናቴ እንዲህ ነበር የምታደርገው። ደርሶ ከሆነ አይወርድም።»

«ካልደረሰስ?»

«ከዚያማ እናውቃለን።»

ኢዚ የቬልቬት ቆቡን እንኳ አላወለቀም። ሳህኑን በሁለት እጁ አነሳ፣ ዓይኑን ጨፈነ፣ ገለበጠው። አንዲት ጠብታ አልወረደችም። ሁለቱ እንዲያ ቆሙ፤ እሱ እጁን ወደ ላይ እንደዘረጋ፣ እሷ እጇን አፏ ላይ አድርጋ። በባልና ሚስት መካከል በዚህ ዕድሜ እንዲህ ያለ መገረም ብዙ አይገኝም። ለስምንቱ ቀን ሲባል እንደ ሊጥ የሚነሳ ነገር ሁሉ ከየቤቱ ተጠርጎ ወጥቷል፤ ይሄ ግን ማንም ሳያዘው፣ ከምንም ተነስቶ፣ ተገልብጦም አልወድቅም አለ።

ነጩን ወደ ቸኮሌቱ ቀስ አድርጋ ደባለቀችና መጋገሪያው ላይ ገለበጠችው። የጋዝ ምድጃው ከበዓሉ ዋዜማ ጀምሮ በትንሹ እየነደደ ነው። በበዓል እሳት መጨመር ይፈቀዳል፤ መቀነስና ማጥፋት ግን አይፈቀድም። ስለዚህ የሚጨምረው ሰው ረጋ ማለት አለበት፣ መመለሻ የለውምና። ፔርላ ሁለት እጇ ሥራ ይዞ ስለነበር «ኢዚ፣ ትንሽ ጨምርልኝ፣ ትንሽ» አለች። ኢዚ በሳህኑ ድል ልቡ አብጦ ነበር። የጋዙን ቁልፍ አዞረው። እሳቱ ፉፍ አለ።

«ኢዚ!»

«ትንሽ አልሽ እኮ!»

«ይሄ ነው ትንሽ? ቤቱን ልታቃጥለው ነው?»

ኢዚ እጁ ወደ ቁልፉ ሄደ፣ መንገድ ላይ ቆመ፣ ተመለሰ። ሁለቱም ቁልፉን አዩት። አንድ ሩብ ዙር ወደ ኋላ ቢመልሱት ማንም አያይም፤ ወጥ ቤት ውስጥ ያሉት እነሱ ብቻ ናቸው። ሹላም አታውቅም፣ አንሼልም አያውቅም። ኢዚ ሚስቱን አያት። ፔርላ ራሷን በእምቢታ ነቀነቀች። ዛሬ ከእኔ ቤት የሚበላ ሰው እኔ ያልኩትን አምኖ ነው የሚበላው አለች በልቧ። የእንጨት ማንኪያ አንስታ የምድጃውን በር ገርበብ አድርጋ ደገፈችው፣ ሙቀቱ በከፊል ወደ ውጭ እንዲወጣ፤ ወንበር ስባ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች። ኢዚ ከክፍል እንደተባረረ ተማሪ በሩ ላይ ቆመ። አርባ ደቂቃ እንዲያ አለፈ፤ ጉልበቷ ጋለ፣ ላቧ ከራስ ሻሿ ሥር ወረደ፤ በሩን በጣት ልክ ትከፍታለች፣ በጣት ልክ ትዘጋለች። ኬኩ በመጀመሪያ ጠርዙ ብቻ ተነሳ። ቀጥሎ መሀሉ። ከመጋገሪያው ከንፈር በላይ ወጣ፣ ወጣ፣ ጠቆረና ተሰነጠቀ። ሽታው በደረጃው ወረደ። ፍሪመት ከታች «እትዬ ፔርላ፣ ልጆቼን አሳበዱብኝ!» ስትል ተሰማ። ከምድጃው ሲወጣ ደግሞ እንደ ልማዱ መሀሉ ቀስ ብሎ ሰጠመ። ፔርላ ያን አትፈራውም፤ ዱቄት የሌለው ኬክ እንዲያ ነው፣ ጠርዙ ቆሞ ይቀራል። ጠርዙ በአንድ በኩል ትንሽ አርሯል። ቢላዋ አንስታ ልትፍቀው አሰበችና ተወችው።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ መጡ። ሹላ እንደ ባለ ትዳር ፀጉሯን ሸፍናለች፤ አንሼል ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው፣ ቀይ ጢሙ ገና ያልሞላ፣ ሲያወሩት ግድግዳ የሚያይ ዓይናፋር። በእጃቸው ጠርሙስ አልነበረም። ፔርላ ይህን አየች። «እንኳን አደረሰሽ እማ» አለች ሹላ። «እንኳን አብሮ አደረሰን» አለች ፔርላ። ተቀመጡ። ኬኩ ጠረጴዛው መሀል ነው፣ ሰምጦ፣ ተሰንጥቆ፣ አንድ ጎኑ ጠቁሮ። ማንም ወደ እሱ አላየም፣ ማንም ከእሱ ሌላ አላየም። ኢዚ ስለ አየሩ ሊያወራ ጀመረና አየሩ አለቀበት። ፔርላ አልቻለችም።

«አንሼል፣ እኔ የተደበቀ ነገር አልወድም፤ ሁሉንም ልንገርህ» አለች፤ ጣቶቿን እየቆጠረች ቀጠለች። «ቸኮሌቱ የጋሽ ሞንዴክ ነው፣ ማኅተሙን ራሴ ነኝ የቀደድኩት፣ ወረቀቱ ይኸው። ስኳሩ የፍሪመት ነው፣ የፈላውና የተጣራው። እንቁላሉም አብዛኛው የእሷ ነው፤ አንዱ ደም ነበረው፣ ደፋሁት። በሹካ ነው የተመታው። እሳቱን ኢዚ አበዛው፣ አልቀነስነውም፣ ለዚህ ነው ያረረው። ይሄው ነው። ካልሆነላችሁ አልቀየምም፤ እውነቴን ነው፣ አልቀየምም።» የመጨረሻውን ስትል ድምፅዋ ተሰበረ፤ እንደምትቀየም ሁሉም አወቀ።

አንሼል ከግድግዳው ላይ ዓይኑን አነሳ። የቸኮሌቱን ወረቀት እንኳ አላየውም። «እማማ፣ ማን ጠየቀዎት?» አለ ቀስ ብሎ። «እኔ በፋሲካ ቸኮሌት በልቼ አላውቅም፤ አባቴም አያቴም አልበሉም። ሹላ ግን ሳምንቱን ሙሉ ስለዚህ ኬክ ስታወራኝ ነው የከረመችው። ትናንት ሌሊቱን በጆሮዬ ውስጥ ነበር ያደረው። ዛሬ አቅርበው ሊከለክሉን ነው?»

ኢዚ ሣቀ። ሹላ አልሣቀችም። እናቷን አየች፣ በአራተኛው ቀን ባየቻት አስተያየት።

«ያን ቀን ሩብ ሰዓት ብቻ ተቀምጬ የሄድኩት፣ እማ... ሌላ አምስት ደቂቃ ብቀመጥ እበላው ነበር። ፈርቼ ነው የወጣሁት። ታች ፎቅ ድረስ ሮጥኩ። ፍሪመት ቤት ደጃፍ ቆሜ አለቀስኩ።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ሳህኑን ስታነሺው ፊትሽን አየሁት። ምን ብዬ ልንገርሽ?»

ፔርላ የተናቀች መስሏት አራት ቀን እንቅልፍ ያጣችበት ያ ሩብ ሰዓት፣ ለካ ልጅቷ ከራሷ ጋር ስትታገልበት የነበረ ሩብ ሰዓት ነው። ቢላዋውን አንስታ ቆረጠች፤ የመጀመሪያው ቁራጭ ጠማማ ወጣ። ሳህኑን ልጇ ፊት አስቀመጠችና፣ ደግማ እንዳታነሳው የፈራች ይመስል፣ ሁለት እጇን ከጠረጴዛው ሥር ደበቀች።

ሹላ ቁራጩን በጣቷ ያዘች። ማንኛችንም ሳንባርክ ምግብ አንቀምስም፤ በረከቱም እንደየምግቡ ነው፤ ስንዴ ላለበት የስንዴው፣ ለፍሬ የፍሬው። ለዚህ ግን፣ ዱቄት ስለሌለው፣ አንዱም አይሆነውም። ለእንዲህ ያለው፣ ከየትም ለማይመደበው፣ ከሁሉም የሚሰፋው በረከት ነው የሚባለው። ሹላ ዓይኗን ጨፈነች። ድምፅዋ ልጅ ሆና በዚህ ጠረጴዛ ላይ እንደነበረው ቀጭን ነበር፤ እያንዳንዱን ቃል ለብቻው አወጣችው።

«አምላካችን፣ የዓለም ንጉሥ፣ ሁሉ በቃልህ የሆነ፣ ቡሩክ ነህ።»

ባቡር አለፈ፣ ብርጭቆዎቹ ተንቀጫቀጩ፣ ጸጥ አሉ። ሹላ ቁራጩን አፏ አጠገብ ይዛ አሜን እስኪሏት ትጠብቃለች። ፔርላ አሜን ልትል አፏን ከፈተች፤ ድምፅ አልወጣም። እንደገና ሞከረች፤ አልወጣም። ኢዚ የሚስቱን እጅ ከጠረጴዛው ሥር ፈልጎ ያዘና፣ ለሁለታቸውም፣ ጮክ ብሎ «አሜን!» አለ።

ሹላ በላች።